ስልኩ ደሴ፣ የመጠገኛ ፈቃዱ ካሊፎርኒያ

ደሴ ፒያሳ ካሉት ሞባይል ጥገና ቤቶች አንዱ ጋ አይፎን 11 ወይ ከዛ በላይ የሆነ ስልክ ዲስፕሌይ አስቀይራችሁ የምታውቁ ከሆነ ይቺን ነገር ሳታዩዋት አትቀሩም። ስልኩ ይበራል፣ ታቹ ይሰራል፣ ከለሩም ምንም አይልም፣ ሴቲንግ ውስጥ ስትገቡ ግን ዲስፕሌዩ ኦሪጅናል የአፕል መሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለም የምትል ማሳሰቢያ ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች። ከዛ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። ደንበኛው «ወንድሜ ኮፒ ነው እንዴ የገጠምክልኝ?» ይላል፣ ጠጋኙ ወላሂ ኦሪጅናል ነው ብሎ ይምላል፣ ስልኩ ራሱ እየመሰከረበት ማን ይመነው። ጠጋኙ ግን እውነቱን ሊሆን ይችላል እኮ። ከሌላ አይፎን ላይ የተነቀለ፣ አፕል ራሱ ያሰራው ዲስፕሌይ ቢገጥምም ስልኩ ለአመታት ሲያወጣ የነበረው ያንኑ ማሳሰቢያ ነው።

ነገሩ ፓርትስ ፔሪንግ ይባላል። ዲስፕሌይ በሉት ባትሪ በሉት ካሜራ፣ እቃው ላይ የራሱ መለያ ቁጥር የተፃፈባት ትንሽ ቺፕ አለች፣ ፋብሪካ ላይ ያ ቁጥር ከስልኩ ቦርድ ጋር ይተሳሰራል፣ ከዛ በኋላ ስልኩ የገጠሙለት እቃ ያ የተመዘገበለት መሆኑን እያየ ይኖራል። ካልሆነ እንደ እቃው አይነት ወይ ማሳሰቢያ ያወጣል፣ ወይ አንድ ፊቸር ያጠፋል፣ ወይ ጭራሽ እቃውን አልቀበልም ይላል። አዲሱን ቁጥር ማስመዝገብ የሚቻለው በካምፓኒው ሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌሩ ደሞ ከካምፓኒው ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል። የባጃጅ ጎማ ቀይራችሁ ባጃጁ «ይሄን ጎማ አላውቀውም፣ መጀመሪያ ህንድ ደውሉ» ብሎ መብራቱን ቢያጠፋባችሁ ማለት ነው በቃ።

ድሮ ስልክ መጠገን የሚከብደው በሙጫና በብሎን ነበር። አይፎን 4 ላይ ያ አምስት ጥርስ ያለው ብሎን ሲመጣ ትንሽ ጊዜ ግር አለ፣ ከዛ መፍቻው ተሰራ፣ ገበያ ላይ ወጣ፣ አለቀ። ሙጫም ሙቀት ከሰጡት ይለቃል። እንዲህ አይነቱን እንቅፋት እጅ ያለው ሰው የትም ሀገር ሆኖ ያልፈዋል፣ ኮምቦልቻም ቢሆን። የአሁኑ እንቅፋት ግን ስልኩ ውስጥ ሳይሆን ሰርቨር ላይ ስለሆነ የጠጋኙ ችሎታ ብቻውን አይፈታውም፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

አጀማመሩ ክፉ አልነበረም። በ2013 እኤአ አይፎን 5ኤስ የጣት አሻራ ይዞ ሲመጣ የሆም በተኑ ከቦርዱ ጋር ታሰረ፣ ምክንያቱም ማንም ተነስቶ የራሱን ሴንሰር ገጥሞ ስልካችሁን እንዳይከፍት፣ ይሄ ያስኬዳል። ከዛ በ2016 ኤረር 53 የሚባለው መነጋገሪያ ሆነ። ሆም በተናቸውን ውጪ ያስቀየሩ ሰዎች አይፎን 6 ስልካቸውን አፕዴት ሲያደርጉ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ሞተ፣ ፎቶው ምናምኑ ሁሉ ውስጡ እንዳለ። ጩኸት ሲበዛ አፕል በዛው አመት ፌብሩዋሪ ማስተካከያ ለቀቀ፣ አውስትራሊያ ግን በዚህ አልተወችውም፣ የሀገሪቱ ፌደራል ፍርድ ቤት በጁን 2018 ካምፓኒውን 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው፣ ስልካችሁን ሌላ ሰው ስለነካው መብት የላችሁም ብሎ ለደንበኞች መናገሩ ህግ መጣስ ነው ተብሎ።

ከዛ ትምህርት ይወሰዳል ብላችሁ ከሆነ፣ አልተወሰደም። በ2019 የአይፎን ኤክስአርና ኤክስኤስ ባትሪ ውጪ ሲቀየር ማሳሰቢያ መጣ፣ የባትሪ ጤና ፐርሰንቱም ይጠፋል። በዛው አመት አይፎን 11 ላይ ዲስፕሌይ ተጨመረ፣ 12 ላይ ካሜራ። 13 ላይ በ2021 ደሞ ጉድ መጣ፣ ዲስፕሌይ ሲቀየር ፌስ አይዲ፣ ስልኩን በፊት የሚከፍተው፣ ይጠፋል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። አይፎን 13 ላይ የፌስ አይዲው ሴንሰር ዲስፕሌዩ ላይ አይደለም ያለው፣ ለብቻው ነው፣ ስለዚ ስክሪን መቀየር ፊት ከማወቅ ጋር ምን አገናኘው? ጠጋኞች በአለም ዙሪያ ሲጮሁ አፕል አስተካክለዋለሁ አለና አይኦኤስ (የአይፎን ሶፍትዌር) 15.2 ላይ በአፕዴት አነሳው። አስቡት፣ ማንም ብሎን አልፈታም፣ አንድም እቃ አልተቀየረም፣ ትናንት የማይሰራው ዛሬ ሰራ። መጀመሪያም የቴክኒክ ችግር ሳይሆን የሆነ ሰው ውሳኔ እንደነበር ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልፈልግም። ስልክ እየፈታ ለጥገና ምቹነት ነጥብ የሚሰጠው አይፊክስኢትም በሴፕቴምበር 2023 የአይፎን 14ን ነጥብ ከ10 7 የነበረውን ወደ 4 ያወረደው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ስልኩ ሲከፈት የሚያምር፣ ሲገጣጠም ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ።

ጠጋኞቹ በዚህ መሀል ዝም ብለው አልተቀመጡም። የተሰበረው ዲስፕሌይ ላይ ያለችውን ቺፕ ማይክሮስኮፕ ስር አድርገው በሆት ኤር ያነሷትና አዲሱ ላይ ይተክሏታል፣ ስልኩ አሮጌው ዲስፕሌይ እንዳለ ይመስለዋል። ባትሪም እንደዛው፣ የድሮዋን ትንሿን ቦርድ ቆርጠው አዲሱ ሴል ላይ ይበይዷታል። ቱሩ ቶን፣ ማለትም ስክሪኑ ከለሩን እንደ አካባቢው ብርሃን የሚያስተካክልበት ፊቸር፣ እንዲመለስ ደሞ ከአሮጌው ስክሪን ዳታውን አንብቦ አዲሱ ላይ የሚፅፍ ፕሮግራመር የሚባል እቃ አለ፣ ቻይና ይሰራል። ይሄን ስራ በእጁ የሚሰራ ልጅ ችሎታው ቀልድ አይደለም፣ ሩዝ ፍሬ የማታክል ነገር ነው የሚያነሳው፣ አንዴ እጁ ከተንቀጠቀጠ ዲስፕሌዩም ስልኩም ሄደ። የሚያናድደው ይሄ ሁሉ ጥበብ የሚባክነው የተበላሸ ነገር ለመጠገን ሳይሆን ጤነኛ እቃን ለጤነኛ ስልክ ለማስተዋወቅ መሆኑ ነው። ዋጋውም ደንበኛው ላይ ነው የሚያርፈው።

እስካሁን አይፎን አይፎን ያልኩት ክርክሩ እዛ ላይ ስለበዛ ነው እንጂ ደሴም ኮምቦልቻም የብዙው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል፣ ሳምሰንግ ኤ ምናምን፣ ሬድሚ ነው። እነዚ ላይ እቃ እንደዛ አይታሰርም፣ የቴክኖ ዲስፕሌይ ገዝታችሁ ከገጠማችሁ ይሰራል፣ ሳምሰንግ ላይ ስክሪኑ ውስጥ ያለው የጣት አሻራ ካልተስተካከለ ያስቸግራል ካልሆነ ሌላው ደህና ነው። የነዚህኞቹ ቁልፍ ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ጂሜይል ሎክ የምንለው፣ ኤፍአርፒ፣ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ማለትም ከ2015 እኤአ ወዲህ አለ፣ ስልኩ ሪሴት ሲደረግ የድሮውን ጂሜይል ካልሰጣችሁት አይከፈትም። ሬድሚ ደሞ ሶፍትዌሩ ወድቆ ጭራሽ አልነሳ ካለ በፋብሪካው መንገድ ፍላሽ ለማድረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ለመጫን፣ ካምፓኒው የፈቀደለት አካውንት ይፈልጋል፣ እሱ አካውንት ደሞ ለማንም አይሰጥም። ስለዚ ጠጋኙ ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጡት ሰዎች ፈቃዱን በየስልኩ ይገዛል።

ይሄ ኢንተርኔት ላይ መግዛት የሚባለው ነገር ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ድሮ ቦክስ የምንለው ስልክ መክፈቻና ፍላሽ ማድረጊያ እቃ አንዴ ከተገዛ ለአመታት ያሰራል። አሁን ባብዛኛው ወይ የአመት ላይሰንስ ነው ወይ በየስራው የሚቆረጥ ክሬዲት፣ የሚከፈለው ደሞ በዶላር ነው። እዚህ ያለ ጠጋኝ የዶላር ካርድ ከየት ያምጣ? ቴሌግራም ላይ ክሬዲት የሚቸረችር ሰው ፈልጎ በብር ይገዛል፣ ሻጩ የራሱን ትርፍ ጨምሮ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፣ ዲስፕሌዩም ክሬዲቱም አብሮ ወጣ። ሰው ግን ጥገና ተወደደ ብሎ የሚቆጣው ጠጋኙን ነው።

ደሞ እኛ ጋ ለየት የሚያደርገው ነገር አለ፣ ወሎ ውስጥ አረብ ሀገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስልክ ከሳውዲ፣ ከዱባይ፣ ከቤሩት ይመጣል፣ እህት ትልካለች፣ ተመላሽ ይዞ ይገባል። ብዙው ያገለገለ ነው፣ አንዳንዱ የአሰሪዋ የነበረ ነው፣ «እማማ ስልክ ቀይራ ይሄን ሰጠችኝ» ተብሎ የመጣ፣ አይክላውዱ፣ የአፕል አካውንቱ፣ ግን አሁንም የማዳሟ ነው። ሪሴት የተደረገ ቀን ያ ስልክ ድንጋይ ሆነ። ማዳሟን ደውሎ ፓስወርድሽን ስጪኝ የሚላት ማን ነው? ስልኩ አልተሰረቀም፣ ባለቤቱም ይታወቃል፣ ግን ያንን ለካምፓኒው ማስረዳት የሚቻልበት መንገድ የግዢ ደረሰኝ ነው፣ ደረሰኙ ደሞ ጅዳ የሆነ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው ካልተጣለ።

የኢንተርኔቱን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ካሊብሬሽኑም (አዲሱን እቃ ከስልኩ ጋር ማስማማቱ)፣ ፈቃዱም፣ ክሬዲቱም ኦንላይን ነው። በአማራ ክልል በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከዛ በፊት በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በነበሩበት ሁኔታ ኔትወርክ ራሱ አልነበረም። ሰርቨር ሳይጠየቅ የማይጠገን ስልክ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠገን ስልክ አይደለም። ይሄን ዲዛይን ያወጡት ሰዎች ኢንተርኔት የማይቋረጥበት ከተማ ውስጥ ቁጭ ብለው ነው ያወጡት፣ ከክፋት ላይሆን ይችላል፣ እኛ አሳባቸው ውስጥ አለመኖራችን ነው። ስልክ ደሞ አሁን መደወያ ብቻ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሰራ ልጅ ቴሌብሯም የባንክ አፗም እዛው ላይ ነው፣ ስልኳ ሶስት ቀን ጥገና ቤት ከዋለ ሶስት ቀን ገንዘቧ ጋ ለመድረስ ባንክ መሰለፍ ነው። ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲነሳ ሶፍትዌሩን የሚጠብቀው ቁልፍ፣ ተከፍቶ ሶፍትዌሩ በሌላ መንገድ ከተጫነ ደሞ አንዳንድ የባንክ አፕ ስልኩን አላምነውም ብሎ አይከፈትም፣ ስለዚ ከተጠገነም በኋላ ጣጣው አያልቅም።

እሺ ሌላውን ወገንም እንስማ፣ ምክንያቱም ባዶ አይደለም። ካምፓኒዎቹ የሚሉት ሌባ ነው። አክቲቬሽን ሎክ፣ ማለትም ስልኩን ከባለቤቱ የአፕል አካውንት ጋር የሚቆልፈው፣ በ2013 እኤአ ከአይኦኤስ 7 ጋር ሲመጣ የተሰረቀ አይፎን ሙሉውን መሸጥ ከበደ፣ ሌባው ደሞ ስልኩን እየበተነ እቃውን መሸጥ ጀመረ፣ እቃው ከቦርዱ ጋር ከታሰረ ግን ይሄም አያዋጣውም። ስልኩን መናኸሪያ የተመነተፈ ሰው ይሄን ክርክር ይረዳዋል፣ እኔም እረዳዋለሁ። ሁለተኛ፣ ያቺ ማሳሰቢያ ለገዢ ትጠቅማለች። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሁሉም ሻጭ «ምንም አልተነካም፣ እንደመጣ ነው» ይላል፣ ሴቲንግ ውስጥ ያለው የእቃ ታሪክ ግን ዲስፕሌዩ መቀየሩን ይናገራል። ይሄ ይጥፋ የሚል ሰው እኔ ጋ ድጋፍ አያገኝም።

ግን ሌባን መከላከልና ሌላ ጠጋኝን መከላከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መለያየት እንደሚቻልም አፕል ራሱ አሳይቷል። በኤፕሪል 2024 ያገለገለ ኦሪጅናል እቃ እንቀበላለን አለ፣ በሴፕቴምበር አይኦኤስ 18 ሲወጣ ሪፔር አሲስታንት የሚባል ነገር ስልኩ ውስጥ ገባ፣ አዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ከሌላ አይፎን የተነቀለ ኦሪጅናል እቃ ተገጥሞ እዛው ስልኩ ላይ ካሊብሬት ይደረጋል፣ እቃው የመጣው ጠፋ ከተባለ ወይ ከተቆለፈ ስልክ ከሆነ ግን አይፈቀድም። ጥሩ ነው፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ጥያቄው ይሄ በ2024 ከተቻለ በ2019 ለምን አልተቻለም የሚለው ነው። መልሱን ለማወቅ ከኤፕሪሉ ማስታወቂያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሆነውን ማየት ይበቃል። ማርች 27፣ 2024 የአሜሪካዋ ኦሪገን ገዢ ቲና ኮቴክ ፓርትስ ፔሪንግን የሚከለክል የመጀመሪያውን ህግ ፈረመች፣ ከጃንዋሪ 2025 በኋላ ለሚሰሩ ስልኮች የሚሰራ። አፕል ተቃውሞት ነበር፣ ጉግል ደግፎታል። በሜይ ኮሎራዶ ተከተለች። ካሊፎርኒያ ከዛ ቀደም ብላ በ2023 ያወጣችውን ህግ አፕል የደገፈው ደሞ የእቃ ማሰርን ነገር ስላልነካ ይመስለኛል።

አውሮፓ ህብረት ደሞ ከጁን 20፣ 2025 ጀምሮ እዛ ለሚሸጥ ስልክ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 አመት መለዋወጫ እንዲቀርብ፣ ባትሪው ከ800 ጊዜ ቻርጅ በኋላ ቢያንስ 80 ፐርሰንት እንዲይዝ ብሏል። የመጠገን መብት የሚባለው መመሪያ ደሞ ጥገናን በሶፍትዌር ማደናቀፍን ያለ በቂ ምክንያት ይከለክላል፣ አባል ሀገሮች ተግባር ላይ እንዲያውሉት የተሰጣቸው ቀን ጁላይ 31፣ 2026 ነው። ከፌብሩዋሪ 2027 ደሞ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል መሆን አለበት የሚለው ይመጣል፣ የራሱ ማምለጫዎች ቢኖሩትም።

እኛስ ጋ ይደርሳል ወይ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብዬ የማስበው። «አውሮፓ ህግ ካወጣ ካምፓኒው ለሁሉም ያስተካክላል» ይላሉ፣ ምሳሌውም አላቸው፣ ታይፕ ሲ። ህብረቱ አስገደደ፣ አፕል በ2023 አይፎን 15ን በታይፕ ሲ አወጣ፣ የተሸጠውም አለም ሁሉ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ የሚገኘው 15 ታይፕ ሲ ነው ያለው። ለምን? ሁለት አይነት ቀዳዳ ያለው ስልክ ማምረት ወጪ ስለሆነ። ሶፍትዌር ግን ለአንዱ ሀገር ከፍቶ ለሌላው መዝጋት ምንም ወጪ የለውም። በማርች 2024 አይኦኤስ 17.4 ሲወጣ ከአፕ ስቶር ሌላ ገበያ መጠቀም የተፈቀደው አውሮፓ ህብረት ውስጥ ላሉ ብቻ ነበር፣ ያው ስልክ፣ ያው አፕዴት፣ እዚህ ግን ዝግ። እንግዲህ ጥገናን የሚከለክለው ነገር ከብሎን ወደ ሶፍትዌር ሲሄድ የሌላ ሀገር ህግ በነፃ እኛ ጋ የሚደርስበት መንገድም አብሮ እየጠበበ ነው። በቀላሉ የሚነቀል ባትሪ ይደርሰናል፣ የካሊብሬሽን ፈቃድ ላይደርሰን ይችላል። «ራስህ ጠግን» የሚባለው የአፕል ፕሮግራም በ2022 አሜሪካ ሲጀምር፣ ከዛ አውሮፓ ሲገባ፣ እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም።

እዚህ ሀገር ያለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለሸቀጥ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት መብት ይሰጣል፣ ስለ ሶፍትዌር ቁልፍ ግን የሚለው ነገር የለም። አፕልን ከዚህ ሆነን እናስገድዳለን ብዬ አላሾፍም። ግን አቅም የሌለን ደሞ አይደለንም። ቴክኖ ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ከጀመረ ከአስር አመት በላይ ሆኖታል፣ ወደ ሀገር የሚገባ የቴሌኮም እቃ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ታይፕ አፕሩቫል፣ ማለትም ሞዴሉ እዚህ እንዲሸጥ ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል። ፈቃድ ሲሰጥ ፍሪኩዌንሲውን ከማየት ጋር «መለዋወጫው ለስንት አመት ይቀርባል? የፍላሽ ፋይሉን ለንግድ ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ትሰጣለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል። ስልኩን በብዛት የምንገዛው ከነዚህ ስለሆነ ጥያቄውም የሚሰማው እነሱ ጋ ነው። ኦፊሴላዊ ሰርቪስ ያላቸውም ቢሆኑ ከኩታበር ወይ ከሀርቡ ለሚመጣ ሰው ቅርብ የሚሆነው ያው የከተማው ጠጋኝ ነው። ቴክኒክና ሙያ ጨርሰው ሱቅ የከፈቱት ልጆች ደሞ ህጋዊ ፋይል ካላገኙ ከየትም የወረደ፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሶፍትዌር ነው ስልካችሁ ላይ የሚጭኑት፣ ለደህንነት ብሎ የቆለፈ ካምፓኒ ይሄንንም ማሰብ ነበረበት።

እስከዛው ድረስ ያገለገለ አይፎን ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ላይ ከአይክላውዱ ይውጣ፣ ነገ አወጣዋለሁ የሚለውን አትስሙ። ሴቲንግ ውስጥ ጀነራል፣ አባውት ገብታችሁ የእቃ ታሪክ የሚለውን እዩ፣ ዲስፕሌዩ ተቀይሮ ቢሆን መደንገጥ አያስፈልግም፣ ዋጋ መቀነሻ ነው። ስልክ ከአረብ ሀገር የሚልክላችሁ ሰው ካለ ከመላኩ በፊት አካውንቱን አውጥቶ፣ ሪሴት አድርጎ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይላክ። ዲስፕሌይ ወይ ባትሪ ስታስቀይሩ ደሞ አሮጌውን ጠጋኙ ጋ ጥላችሁ አትሂዱ፣ ተሰባብሮም ቢሆን። መጀመሪያ ከስልኩ ጋር የተመዘገበችው ቺፕ ያለችው እሱ ላይ ነው፣ አዲሱ ላይ ካልተተከለች ሌላ ጊዜ ይሄን ስራ የሚችል ሰው ስታገኙ የሚጠይቃችሁ መጀመሪያ እሷን ነው።